ከነዳጁ ሥር

አዲሱ የላቦራቶሪ ሠራተኛ የተመራማሪዋን ስም ሳይይዝ ልማዷን ያዘ። ጠዋት ጋዋኗን ሳትቆልፍ ወደ መስኮቱ ትሄድና ድፍድፍ ነዳጅ የተንሳፈፈባቸውን ብልቃጦች እያነሳች፣ እንደሚያለቅስ ሕፃን እሹሩሩ ትላቸዋለች። ብልቃጥ የሚነቀንቀው ማሽን አጠገቧ ነው፤ ዞር ብላም አታየውም። ከጥቁሩ ሽፋን ሥር በውሃው ውስጥ የሚኖሩትን የደቃቆቹን አልጌዎች አረንጓዴ ስታይ "አላችሁ?" ትላለች። የሰው ሰላምታ ከዚያ በኋላ ነው። የጫማዋ ጠርዝ ላይ ታጥቦ የማይለቅ ጥቁር መስመር አለ።

አንድ ቀን፣ ደስ ይበላት ብሎ፣ አልጌዎቹ ያሉበትን ውሃ የምታመጣበትን ጀሪካን በሳሙና ፈትጎ አስቀመጠላት። አነሳችና አሸተተችው።

"ነዳጁን ችለው የከረሙትን አንተ በሳሙና ልትጨርሳቸው?" አለችና እስከ ምሳ ስታለቀልቀው ቆየች።

አፍሮ አጠገቧ ቆመ። "ለመሆኑ ነዳጁን እንዴት ነው የሚችሉት?"

"አብዛኞቹ የት ይችላሉ፤ ያልቃሉ። የተረፉት ማደጉን ትተው ዝም ይላሉ። አብረዋቸው ያሉ ባክቴሪያዎች ነዳጁን ቀስ በቀስ ሲበሉላቸው፣ ብርሃን ያገኙና እንደገና ይራባሉ።"

"እርስዎ ውሃውን ከየት ነው የሚያመጡት?"

"ከእናቴ ደጅ። የነዳጁ ቧንቧ የፈነዳው እዚያ ባሕሩ ዳር ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ለቆ ሄዷል።"

"እሳቸውስ?"

ጀሪካኑን እንዲንጠፈጠፍ ዘቅዝቃ አስቀመጠችው።

"በየወሩ እሷን ላመጣ እሄዳለሁ፤ ውሃ ይዤ እመለሳለሁ።"