የሀዲዱ መስጂድ ቂብላ

አዋሽ ያለውን አሮጌውን መስጂድ ያስፈረስኩት እኔ ነኝ። ዶማ አላነሳሁም፣ ዶዘር አልነዳሁም። ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ ቂብላውን፣ የመካን አቅጣጫ፣ በሚያሳየው ሚህራብ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩ፣ በቃ። ሰመራ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። አቅጣጫ እንዴት እንደሚለካ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ የማስረዳ ሰው ነኝ።

መስጂዱን ያቆሙት ከወሎ የወረዱ ነጋዴዎች፣ የባቡር ሠራተኞችና የአፋር ሽማግሌዎች አንድ ላይ ሆነው ነው ይባላል። በዚያ አገር ደህና እንጨት አይገኝም፤ የተገኘውንም ምስጥ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ባቡሩ የጣለውን አሮጌ ሀዲድ ለምነው ወሰዱ። ጣሪያውን የተሸከመው ሀዲድ ነው፤ በምሰሶዎቹ ሆድ ውስጥ የቆመው ሀዲድ ነው፤ ከሚህራቡ ግራና ቀኝም ሁለት ሀዲዶች ቆመዋል። በላዩ ድንጋይና ኖራ ስለለበሰ እንግዳ ሰው አያውቀውም። ግድግዳው ከክንድ በላይ ይወፍር ነበር። ውጭ አስፋልቱ ሲቀልጥ ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል። ሚናራው አጭር ነው፣ ከጎኑ ያለው ሆቴል እንኳ ይበልጠዋል። እኛ ግን ትልቁ መስጂድ እንለው ነበር። የጅቡቲ ሾፌሮችም ተሳቢያቸውን ዳር አስይዘው ዙህርን እዚያ ይሰግዱ ነበር።

አባቴ ከወሎ በጎረምሳነቱ መጥቶ የዚያ መስጂድ ሙአዚን ሆነ። ድምፅ ማጉያ ከመምጣቱ በፊት በጉሮሮው፣ ከመጣም በኋላ በዚያው ጉሮሮው ሰዉን ሲጠራ ኖረ። ረመዳን ሲቃረብ ግድግዳውን ራሱ ኖራ ይቀባል። ኖራው በተሰነጠቀበት በኩል የሀዲዱ ዝገት ብቅ ይልና ነጩን ያበላሽበታል፤ እሱም ብረቱን እየረገመ ይደፍነዋል። ባልዲውን ይዤለት ስቆም ሰምቻለሁ። ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

የመስጂዱ ኮሚቴ ባለ ሦስት ፎቅ መስጂድ መሥራት ከፈለገ ቆይቷል። አሮጌው ይጠባል፣ ይህ እውነት ነው። አባቴና ጥቂት ሽማግሌዎች ግን አናስፈርስም ብለው ገገሙ። እኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ በልቤ ከኮሚቴው ጋር ነበርኩ።

ለኢድ ከሰመራ እንደመጣሁ፣ ከሰዓት በኋላ ከአስር ሰላት ስንወጣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ጠራኝ።

"መምህር፣ ሾፌሮቹ በስልካችን አይተናል፣ ቂብላው ጠማማ ነው እያሉ ነው። አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ እየው።"

የተማርክ ነህ የምትለዋን ቃል እወዳታለሁ። ስልኬን ሚህራቡ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩ። ቂብላ የሚያሳየው የስልኩ ቀስት ከሚህራቡ ሸሽቶ ወደ ቀኝ፣ ወደ ሴቶቹ በር ዞረ። ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ። ጠማማ ነው አልኩ። አባቴ ከኋላዬ ቆሟል።

"ስንት ነው የሳተው?"

"ብዙ ነው፣ አባ።"

"ብዙ ማለት?"

መዳፌን ከሚህራቡ ወደ በሩ መልሼ አሳየሁት። እጄን አየ፣ ሚህራቡን አየ፣ ከዚያ ወጥቶ ጫማውን ፈለገ። አንዱን ቢያገኝም ሌላውን አጥቶ በአንድ እግሩ ቆሞ ሲፈልግ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ቀን በኋላ ስለማፍረሱ አልተከራከረም። ሰዉን በአዛን መጥራቱንም ተወ። ጉሮሮዬን አሞኛል አለ። ቤት ተቀምጦ በጠማማው ቂብላ የሰገደውን የዘመኑን ሰላት ሁሉ ቀዳ ያወጣ፣ ማለትም እንደገና ይሰግድ ጀመር። ከእያንዳንዱ ሰላት በኋላ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ ይሰግዳል። ጉልበቱ አብጦ መነሳት ሲያቅተው ተቀምጦ ቀጠለ። የመስጂዱ ሸህ እቤታችን ድረስ መጥተው ለመኑት።

"ሳያውቁ የሰገዱት ተቀባይነት አለው። ራስዎን አይግደሉ።"

"የእኔስ ይሁን" አላቸው። "የጠራኋቸውስ? ኑ ብዬ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ስንቱ ሞቷል፤ እነሱ ምን ብለው ቀዳ ያወጣሉ?"

ሸሁ ደጋግመው አስረዱት፣ አልሰማቸውም። እኔም በስልክ ተቆጣሁት። በራሱ ላይ የሚያደርገው ግትርነት መስሎኝ ነበር።

ጠናበት ተብዬ ስጠራ አውቶቡስ ስላጣሁ በተሳቢ መጣሁ። አዳይቱ ላይ ጎማ ፈንድቶብን ግማሽ ቀን ቆምን። በሕይወት ደረስኩበት። አንገቱን ቀና አድርጎ አንድ ነገር ብቻ አለኝ፤ "እንደ ድሮዎቹ አታስተኙኝ። ፊቴን ወደ ትክክለኛው አዙሩት። አንተ ታውቀዋለህ።"

በማግሥቱ ቀበርነው። የአዋሽ መቃብሮች ሁሉ ሚህራቡን ተከትለው ነው የተቆፈሩት፤ ሟች በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ፊቱ ወደዚያው ነው። ቆፋሪዎቹ ወዴት በኩል እንቆፍር አሉኝ። ከረድፉ ወደ ቀኝ አዙሬ በእጄ አሳየኋቸው። ስልኬን እንኳ አላወጣሁም፤ ልኩን አውቀዋለሁ ብዬ።

በወሩ መስጂዱ ፈረሰ። ሀዲዶቹ ተነቅለው አስፋልቱ ዳር ተከመሩ። መሠረት የሚቀይስ መሐንዲስ መጣና እኔም ለቂብላው ተብዬ ተጠራሁ። መሐንዲሱ ባዶው ሜዳ መሃል ቆሞ በመሣሪያው ለካ፣ ችካል መታ፣ ሲባጎ ወጠረ። ሲባጎው በአሮጌው መሠረት ላይ ልክክ ብሎ ዐረፈ።

"ቂብላው ድሮም ልክ ነው" አለ።

አይደለም ብዬ ተከራከርኩ። ስልኬን አወጣሁ። ስልኬም ልክ ነው አለኝ።

"ያኔ የት ላይ ሆነህ ነው የለካኸው?"

"ሚህራቡ ላይ።"

መሐንዲሱ የሀዲዱን ክምር አየና ሳቀ። "ስልክህን ወደዚያ አስጠጋው እስቲ" አለኝ። ሳስጠጋው ቀስቱ ተክለፍልፎ ዞረ። "ብረት አጠገብ ኮምፓስ እንደሚሳሳት የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ያውቀዋል" አለኝ። ምን እንደማስተምር አያውቅም። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገና "ለማንኛውም ይጠብ ነበር" አለ።

ሸሁን መቃብሩን እንክፈተውና እናዙረው ብዬ ለመንኳቸው። ወር አልፎታል፣ ገላው አይነካም፣ አላህ ልቡን ያያል አሉኝ። ልቡን እኔም አይቼዋለሁ። ተሰብሮ ነው የሞተው፣ የሰበርኩትም እኔ ነኝ።

አሁን ከሰመራ በመጣሁ ቁጥር እሄዳለሁ። ረድፉ ሁሉ አንድ ወጥ ነው፤ የእሱ ብቻ አግድም ተጋድሟል። ባለፈው አንዲት አሮጊት ባላቸውን ሊዘይሩ መጥተው ቆመው አዩት።

"ይሄ ሰውዬ ምን ቢያጠፋ ነው እንዲህ ያጣመሙት?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ ያጣመምኩት፣ እማማ" አልኳቸው። "እሱ የጠራቸው ሁሉ ቀጥ ብለው ነው የተኙት።"