ወባ የሚያነበው ማሽንና እኔ

መጀመሪያ አዋሽ፣ በኋላም ሰመራ ላይ የሠራሁት ሥራ አንድ ነው፦ የሰው ደም መስታወት ላይ ቀብቼ፣ ቀለም አጠጥቼ፣ በማይክሮስኮፕ ወባ መፈለግ። እንጀራዬ ያለው ዓይኔ ላይ ነው። ስለዚህ ያለ ሰው ዓይን ወባ የሚለይ ማሽን ሊመጣ ነው ሲባል፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ለሳይንስ መደሰት አልነበረም።

ማሽኑን ሠርቶ ያመጣው ከአዲስ አበባ የመጣ መሐንዲስ ነው። ትሑት፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ ሰው ነበር። ማሽኑ የምሳ ዕቃ ያህላል። አንድ ጠብታ ደም ሲሰጡት ወባ አለ ወይም የለም ይላል፤ ውጤቱንም ራሱ አዲስ አበባ ይልካል። ሰመራ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ለባለሀብቶች ሲያስተዋውቀው እኔም ተጋብዤ ነበር። የአዳራሹ ኤሲ ሹራብ ያስለብሳል፤ ማሽኑም አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። መሐንዲሱ ፈጠራው የባለሙያ እጥረትን እንደሚፈታ ሲያስረዳ፣ የጤና ጣቢያችን ነርስ ዞር ብላ አየችኝ። የአካባቢው ተወላጅ ናት፤ አፋርኛና አማርኛ እኩል ትናገራለች። ሳቋን በሻርፗ ጫፍ ሸፈነችው።

ሙከራው በእኛ ጤና ጣቢያ በግንቦት ተጀመረ። እያንዳንዱ በሽተኛ በማሽኑም በእኔም እንዲታይና ሁለቱ ውጤቶች ጎን ለጎን እንዲመዘገቡ ነበር ስምምነቱ። በመጀመሪያው ቀን እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት በደንብ ሠራ። ከዚያ ቀይ መብራት አበራና መሣሪያው እስኪቀዘቅዝ እንድንጠብቅ የሚል ጽሑፍ አወጣ። ጠበቅን። ሰመራ ውስጥ በግንቦት አንድ ነገር እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ማለት ፀሐይ እስክትጠልቅ መቀመጥ ነው።

ለመሐንዲሱ ደወልኩለት። ሶፍትዌሩ ባዶ ቦታ ስለማይቀበል ለጊዜው የማይክሮስኮፑን ውጤት በማሽኑም ቦታ እንድሞላለት፣ በኋላ እሱ እንደሚያስተካክለው ነገረኝ። እሺ አልኩ። ሰውየውን ወድጄው ነበር። እውነቱን ለመናገር ደግሞ በማሽኑ መድከም ደስ ብሎኛል፤ የሰው ሥራ ሲበላሽ መደሰት ኃጢአት መሆኑን ባውቅም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ አንዲት እናት ትኩሳት ያዛለውን ልጇን ታቅፋ ከሰርዶ በጭነት መኪና መጣች። ደም የሚያውቅ ማሽን መጣ ሲባል ሰምታለች፤ የመጣችውም ለእሱ ነው። ማሽኑ ግን ቀይ መብራቱን አብርቶ ተኝቷል። እኔ መርፌዬን ይዤ ስቀርብ ልጁን ወደ ደረቷ ሳበችው። ነርሷ ጎንበስ ብላ በአፋርኛ የሆነ ነገር አለቻትና ሴትዮዋ የልጁን ጣት ሰጠችኝ። ወባው ከባዱ ዓይነት ነበር። መድኃኒቱ ወዲያው ተጀመረለት፤ አመሻሹ ላይ ልጁ ወተት ጠየቀ።

ነርሷን ምን ብላ እንዳሳመነቻት ጠየቅኳት።

«ማሽኑ ሙቀት አድክሞት ተኝቷል፣ ይሄ ሰውዬ ግን ማሽኑን የሚያስተምረው ነው አልኳት» አለች። «ዋሸሁ እንዴ?»

አልዋሸችም። የምዋሸው እኔ ነበርኩ፣ ያውም በየቀኑ፣ በጽሑፍ።

ሙከራው ሲያልቅ እዚያው ቀዝቃዛ አዳራሽ ተሰበሰብን። ሪፖርቱ የማሽኑና የባለሙያው ውጤት ምንም ልዩነት እንደሌለው አበሰረ። አንድ ሰው ከራሱ ጋር መስማማቱ እንዲህ ሲጨበጨብለት ያየሁት ያን ቀን ነው። መሐንዲሱ አላጨበጨበም፤ ጠረጴዛውን ያያል። አንድ አዛውንት ባለሀብት ማይክሮፎኑን ወደ እኔ አሳለፉና በዓይኔ ያየሁትን እንድናገር ጠየቁኝ።

ያዘጋጀሁት ምስጋና ነበር። ማሽኑ ቀጥሎ የሚላከው ግን ወደ ዲቾቶ ጤና ጣቢያ መሆኑን ሰምቻለሁ። እዚያ በማሽኑ ፋንታ የሚያይ የላብራቶሪ ሰው የለም። ያቺ እናት ቀይ መብራት ፊት ተቀምጣ ስትጠብቅ ታየችኝ።

«ጌታዬ፣ ከረፋዱ በኋላ ያለው ውጤት በሙሉ የእኔ ነው» አልኩ። «ማሽኑ ሙቀት አይችልም።»

መሐንዲሱ ተነሣ። «እውነቱን ነው፤ እንዲሞላው የነገርኩትም እኔ ነኝ» አለ።

ሁለታችንም አለቀልን ብዬ ሻይ ዕረፍት ወጣሁ። ስንመለስ ስክሪኑ ላይ ያለው ርዕስ ተቀይሮ ጠበቀን። ማሽኑ «ሰውን ያሳተፈ የምርመራ ሥርዓት» ሆኗል፤ ባለሀብቶቹም ድጋፋቸውን ለመቀጠል ተስማምተዋል። ለእኔ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። «የሥርዓቱ ቁልፍ አካል» ይላል። የማሽን መለዋወጫ መሆኔን በማኅተም ያረጋገጥኩ የመጀመሪያው የላብራቶሪ ሰው ሳልሆን አልቀርም።

አዲሱ ማሽን ከነማቀዝቀዣው መጥቶ የራሱ ክፍል፣ የራሱም ኤሲ ተሰጥቶታል። እስከ ከሰዓት በኋላ ይሠራል። ያልታመሙ ሰዎችም ለመመርመር ይሰለፋሉ፤ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነዋ። መሐንዲሱ በበኩሉ በማሽን ሥልጠና ስም ለዲቾቶ አንድ ማይክሮስኮፕ በዕቅዱ ውስጥ አስገባ። ባለፈው ወር ከዚያ የመጡ ሁለት ጤና ሠራተኞችን እኔና ነርሷ አሠለጠንናቸው። አንደኛዋ በሦስተኛው ቀን እኔ ሳላየው ያለፍኩትን ወባ አገኘች። ነርሷ ይህን በአፋርኛ ለጤና ጣቢያው ሁሉ አወራችው፤ ምን እያለች እንደሆነ ለማወቅ ትርጉም አላስፈለገኝም።