ቲነር የተጻፈበት ጠርሙስ

ሰፈሩ «ማስመሪያው» ይለዋል። ታፔላ ጸሐፊ ነው። ሱቅ ሲከፈት፣ ትምህርት ቤት ስሙን ሲቀይር፣ ቆርቆሮ ላይ ያማረ ፊደል የሚጥለው እሱ ነው። ሌላው ጸሐፊ ክር ወጥሮ፣ በእርሳስ አስምሮ ነው የሚጀምረው። እሱ ግን ትንፋሹን ውጦ ብሩሹን ካንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በአንድ ጉዞ ይሰደዋል፤ መስመሩም እንደ ረጋ ውሃ ቀጥ ብሎ ይተኛል። ያኔ ድምፅ አያወጣም፤ ከንፈሩ ብቻ በራሱ ዜማ ይንቀሳቀሳል፦

ቀጥ ብለሽ ሂጂልኝ፣ አንቺ ቀጭን መስመር፣
ጠማማው ብዙ ነው፣ በዚህ ሁሉ ምድር።

በዚህች ዜማ ሠላሳ ዓመት ኖሯል። እሱ የፊደሉን ጠርዝ ያወጣል፤ ሚስቱ ከኋላው እየተከተለች ውስጡን በቀለም ትሞላለች። የተገናኙትም እንዲሁ ነው። ሥራ ልትጠይቅ መጥታ፣ ለሙከራ የሰጣትን ፊደል አንዲት ጠብታ ከጠርዙ ሳታሳልፍ ስትሞላው አየና «ይቺ ልጅ ድንበር ታውቃለች» አለ። በዓመቱ አገባት። ልጅ አልወለዱም። እሷ መንገድ ላይ ስታልፍ፣ ፀሐይ ያነጣውን የድሮ ታፔላቸውን ቀና ብላ እያየች፣ «ይሄኛው ልጃችን ደግሞ ከሳብኝ» ትላለች።

እጁ መቼ መንቀጥቀጥ እንደጀመረ እሱም በውል አያውቀውም። መጠጡ መጀመሪያ ከሥራ በኋላ ጉሮሮ ማርጠቢያ ነበር። ቀጥሎ ለእንቅልፍ ሆነ። ኋላ ምሳ ሰዓትም ጎራ ማለት ጀመረ። አንድ ጠዋት ብሩሹን ሲያነሳ ጫፉ እንደ ወፍ ጅራት ተርገበገበበት። አንድ ጉንጭ ጂን ሲወስድ እጁ ረጋ። ከዚያ ቀን ወዲህ እጁን የሚያዘው ጂኑ ነው፤ እሱ ተላላኪ ሆኗል።

ጂኑን የሚያስቀምጠው ከቀለም መደርደሪያው ጥግ፣ በራሱ ውብ ፊደል «ቲነር» ብሎ በጻፈበት ጠርሙስ ነው። ቲነር ቀለም ማቅጠኛና ብሩሽ ማጠቢያ ነው፤ እንደ ጂን ውሃ ይመስላል። ሽታው ግን ሌላውን ሽታ ሁሉ ይውጣል፤ ባልና ሚስቱን ልብሳቸውን፣ ፀጉራቸውን፣ ትራሳቸውን ሳይቀር ይዟቸዋል። በዚህ ምክንያት አራት ዓመት ሙሉ ትንፋሹ አላሳጣውም። የሁለቱም አፍንጫ ከሞተ ቆይቷል።

ሁኔታው ግን ማሳጣት ጀምሮ ነበር። አንድ ቦታ አይቀመጥም። ከመሰላሉ ይወርዳል፣ ወደ በሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ያልጠፋ እርሳስ ይፈልጋል። ጎረቤታቸው ብየዳ ሠራተኛው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይስቅበታል።

«ማስመሪያው! እግርህ ውስጥ ሞተር አስገጠምክ እንዴ?»

«አንተ ብረትህን በይድ።»

«ብረቱስ ይበየዳል፤ አንተን ነው መሬቱ ላይ መበየድ ያቃተን!»

ይስቃሉ። እሱም ይስቃል፤ ሳቁ ሳያልቅ ደግሞ ወደ መደርደሪያው ይሄዳል። በእነዚያ ቀናት በልቡ እንዲህ ብሎ ያንጎራጉር ነበር፦

መሄድ መሄድ አለኝ፣ መድረሻው ሳይገባኝ፣
መቀመጥ ነው እንጂ፣ መንገድስ መች ጠፋኝ።

የአንድ አዲስ ትምህርት ቤት ታፔላ በታዘዘበት ሳምንት፣ እሱ ልኬት ሊወስድ ሲወጣ ሚስቱ ሱቁን አጸዳች። ጥግ ያለው ጠርሙስ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት አገኘችውና ከትልቁ ጀሪካን ቲነር ገልብጣ እስካንገቱ ሞላችው። የባለሙያ እጅ ጎዶሎ አይወድም።

በማግስቱ ጠዋት እሱ ቀድሟት ገባ። እጁ ከወትሮው ብሶበት ነበር። ጠርሙሱን ሲያወርድ ክብደቱን ልብ አላለም። እንደ ልማዱ፣ እንደ ረጅም መስመር፣ ትንፋሹን ውጦ ጎንጨት አደረገው።

እሳት ነበር። አብዛኛውን ተፋው፤ የቀረው ወረደ። ሚስቱ በሩን ስትከፍት ባሏ ቆርቆሮው ላይ ተደፍቶ ይስላል፤ አጠገቡ ራሷ የሞላችው ጠርሙስ ወድቋል።

ጩኸቷን ሰምቶ ብየዳ ሠራተኛው ከነጓንቱ ሮጦ መጣ። «ጣት አስገቢበት! ያስመልሰው!»

«እንዳትነካው! እየወረደ ያቃጠለው ሲመለስ አይምረውም!» አለችው። የቲነሩ ጀሪካን ጀርባ ላይ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ የምታነብ እሷ ብቻ ነበረች።

በብየዳ ሠራተኛው ጭነት መኪና፣ በብረቶች መሃል ተቀምጠው ሆስፒታል ደረሱ። ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠ፣ ራጅ አስነሳው። «አለማስመለሳችሁ ደግ ነው። ሳንባ ውስጥ እንዳይገባ ነው የምንፈራው። ቢያንስ እስከ ማታ ዓይናችን ሥር ይቆያል» ብሎ ሄደ። አልጋና ወንበር ብቻ ባለባት ጠባብ ክፍል ባልና ሚስት ቀሩ።

ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋች። ቀጥሎ በቀስታ፣ «ምን አጎደልኩብህ?» አለችው።

«ኧረ ምንም...»

«ሰው ቲነር የሚጠጣው ለምንድን ነው?»

«ውሃ መስሎኝ ነው።»

«ውሃ! ሠላሳ ዓመት ስትጨብጠው የኖርከውን፣ በገዛ እጅህ ስሙን የጻፍክበትን!» ዓይኗ ሞላ። «ባለፈው ተናድጄ ‹ከታፔላህ ጋር ተጋባ› ያልኩህን ይዘህብኝ ነው? አፌ ነው እንጂ ልቤ እኮ አይደለም። ይቅር በለኝ። መሞት ከፈለግክ ግን፣ እኔን ምን ልታደርገኝ ነው?»

ይቅርታዋ ከቲነሩ በላይ አቃጠለው። ራሱን ሊያጠፋ የሞከረ መስሏታል። አንዲት ቃል ከዚህ ሐሳብ ታወጣታለች፤ ያቺው ቃል ግን ጂኑን ትቀማዋለች። እውነቱን ቢናገር ነገ ጠዋት እጁን ምን ያረጋዋል? ባይናገር፣ ይቺ ሴት በቀረ ዕድሜዋ በሩን በከፈተች ቁጥር ሬሳውን ልትጠብቅ ነው።

ተነሳ። መስኮቱ ዘንድ ሄደ፣ ተመለሰ። «እንሂድ፤ ደህና ነኝ። ታፔላው ይደርቅብናል» አለ።

«ያልተጀመረ ታፔላ ይደርቃል?»

ተቀመጠ። ተነሳ። ሰዓቱ እኩለ ቀን ሲያልፍ ላቡ ወረደ። እጁ መጀመሪያ ጣቱ ላይ፣ ቀጥሎ እስከ ክርኑ ተንቀጠቀጠ። ብርድ ልብስ ሥር ደበቀው፤ ብርድ ልብሱ ተንቀጠቀጠ።

ነርሷ ሙቀት ልትለካ ገብታ እጁን ሳብ አድርጋ አየችው፤ እንደ ጓደኛ እጅ ያዘችው እንጂ አልለቀቀችውም።

«ጋሼ፣ መጨረሻ የጠጡት መቼ ነው?»

«ቲነሩን?»

«ቲነሩንማ አውቃለሁ።»

ሚስቱ ከነርሷ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ ነርሷ አየች።

«እህቴ ትንሽ ውጪ ይጠብቁን?» አለች ነርሷ።

ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩ ረጋ። «ተዪያት፣ ትስማ» አለ። ቀና ብሎ ሚስቱን ማየት ስላቃተው ለእጁ ነገረው፤ «ትናንት ማታ ነው። ቲነር ያልኩት ጠርሙስ ውስጥ የነበረው ጂን ነው። አራት ዓመቱ። ጠዋት ካልጠጣሁ መስመር አይወጣልኝም። መሞት ፈልጌ አይደለም... እጄ እንዲቆም ፈልጌ ነው። የሞላሽው አንቺ ነሽ፤ ግን ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

ሚስቱ ወንበሩን ይዛ ቀረች። መጀመሪያ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ከጠዋት ጀምሮ ይዛው የነበረ ትንፋሽ ይመስል ነበር። ከዚያ ትከሻውን በቡጢ አለችው።

«አንተ ጅል! አንተ ደረቅ! እኔ እዚህ በቁምህ ቀብሬህ... ጂን ነው?»

«ጂን ነው።»

«አራት ዓመት ከጎኔ ተኝተህ!» ደገመችው። ሦስተኛው ቡጢ ላይ እጇ ተከፍቶ ትከሻው ላይ ቀረ።

ነርሷ ቡጢዎቹ እስኪያልቁ ጠብቃ ወንበር ሳበች። «ከነገ ጀምሮ አልጠጣም ብለው ብቻዎን ቤት እንዳይገቡ» አለች። «እንዲህ ለለመደ ሰውነት ድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ አንፈራፍሮ ይጥላል። እዚሁ ይተኛሉ፤ በመድኃኒት ቀስ ብለን እናወርድዎታለን። ሲወጡ ደግሞ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት የሚሰበሰቡ አሉ፤ እንደ እርስዎ ያሉ፤ ሹፌርም አለ፣ መምህርም አለ።»

«ሰው ይሰማል» አለ እሱ።

«ሰው ይስማ!» አለች ሚስቱ። «ስንት ታፔላ ሰቅለህ ስለ ሌላው ስታሰማ ኖረህ የለም?»

ሁለት ሌሊት አልጋው እንደ ጀልባ ሲያናውጠው አደረ። በሦስተኛው ቀን ሻል ሲለው፣ ልብሱን ለባብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ሲጠብቃት አገኘችው። ክርኗ ላይ ሰማያዊ ቀለም ነበር።

«ትምህርት ቤቱ ነገ ይከፈታል። አንድ ቀን ብቻ ልውጣና መስመሩን ላውጣው፤ እመለሳለሁ» አለ። እሱም እሷም ያቺን የጠጪ «አንድ ብቻ» ያውቋታል።

«ተሰቅሏል» አለችው።

«ማን ጠርዙን አወጣው?»

«እኔ።»

«በምን?»

«በክር፣ በእርሳስ፣ በስድብ። ብየዳው መሰላሉን ይዞ ሲስቅብኝ ዋለ። ወደ ቀኝ ጠምሟል።»

«በጣም?»

«ያየ ሰው አንገቱን ያዘነብላል። ርእሰ መምህሩም አዘንብሎ አመሰገነኝ።»

ሳቀ፤ ጉሮሮው እየላጠው ሳቀ። ወዲያው ፊቱ ጠቆረ። «እንግዲህ እኔ አላስፈልግም በይኛ።»

አጠገቡ ተቀመጠች። «ለመስመሩ አላስፈለግከኝም። ቤቱ ነው ያስጠላኝ፤ ማታ የምናገረው የለኝም። አሁን ይሄን ሸሚዝ አውልቅና ተመልሰህ ተኛ፤ ሰው ፊት አታዋርደኝ።»

ሸሚዙን አወለቀ። ቁልፎቹ ጊዜ ወሰዱበት፤ አላገዘችውም።

ስትሄድ ግን መተኛት አልቻለም። ኮሪደሩን ይዞ ከጫፍ ጫፍ ተመላለሰ። ከመውጫው በር አጠገብ የተቀመጠው ዘበኛ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ሊወጡ ነው?»

«መንገዱን ላየው ብቻ ነው።»

«ጠዋትም ሊያዩት መጥተው ነበር።»

«ወደፊትም ሳልመጣ አልቀርም» አለ ማስመሪያው። ወደ መንገዱ አየ። አንድ አውቶቡስ ቆሞ ሰው አወረደ፣ ሰው ጫነ፣ ሄደ። ግንባሩን ጠረገና ዞሮ ወደ ክፍሉ መራመድ ጀመረ። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ ግማሹ ላይ ቆመ፣ ግድግዳውን ተደገፈ፣ እንደገና ተራመደ።