ክብሪት ለአስም

ሰው ሲወድቅ ሮጦ የሚከብ ሕዝብ ያስጠላኛል። እኔም የዚያው ሕዝብ ልጅ ነኝ፤ ቢሆንም ያስጠላኛል።

ፒያሳ ቤቶቹ በሚፈርሱበት ሰሞን ነው። ታላቅ እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ አስም አለባት። አቧራውን ሸሽተን አንድ ኬክ ቤት ገባንና፣ እሷን ወንበር ላይ ትቼ እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ዘለቅሁ። ስመለስ ወለሉ ላይ በጀርባዋ አንጋለዋታል። ከላይዋ የሰው ክምር፤ ላብ፣ የቆየ ቅቤ፣ የማላውቀው ሰው ትንፋሽ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የክብሪት ሽታ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ክብሪት እየጫሩ፣ እፍ እያሉ ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ይይዙላታል። የሚጥል በሽታ ነው ብለው ደምድመዋል።

አየር ላጣ ሰው ጭስ! ከንፈሯ ጠቁሯል፤ በሳበች ቁጥር አንገቷ ሥር ይሰረጉዳል።

አስም ነው እያልኩ በክርኔ ገፍቼ ገባሁ። ቀና አድርጌ አስቀመጥኳት፤ ወደፊት ዘንበል ብላ ክንዶቿን ጉልበቷ ላይ አስደገፈች፤ ሻርፗን ፈታሁላት። የሚነፋው መድኃኒቷ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ቦርሳውን ደግሞ አንድ ባለ ከረባት ሰውዬ ሌባ እንዳይወስደው ብብቱ ውስጥ ሸጉጦታል። እህቷ ነኝ ስለው፣ በምን አውቃለሁ አለኝ። ውስጡ ምን ምን እንዳለ እንድነግረው ጠየቀኝ። አራዳ ነዋ፣ አይሸወድም! እሷ ትታፈናለች፣ እሱ እኔን ይመረምራል። ነጠቅሁት። እጁን ሳልቧጭረው አልቀረሁም፤ እሰይ።

መድኃኒቱን ነፋሁላት፤ ሳበችና ያዝ አደረገችው። ትንሽ ቆይቼ ደገምኩላት። ደረቷ ማፏጨቱን ቀነሰ፣ ትከሻዋም ቀስ በቀስ ወረደ።

ያን ጊዜ ሴትየዋ ወደ ሰዉ ዞረው ክብሪት ፍቱን መሆኑን ያስረዱ ጀመር። ሰዉ ተስማማ። ባለ ከረባቱም ራሱን ነቀነቀ።

እህቴ እጄን ሳብ አደረገችኝ። ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ።

«ለሌላ ሰው እንዳያደርጉት ንገሪያቸው።»

ነገርኳቸው። ጭሱ ሊገድላት እንደነበር፣ ማስተኛቱም እንዳባሰባት፣ አንጀቴ እያረረ በጨዋ አንደበት ነገርኳቸው። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሴትየዋ በሐዘኔታ አዩኝ።

«ደንግጠሽ ነው ልጄ» አሉና፣ አንድ ክብሪት ጭረው ወደ አፍንጫዬ አስጠጉ።