የሚነዝረው ጣት የማን ነው?

ሰሞኑን ስልክ በያዝኩ ቁጥር የቀኝ እጄን ጣቶች ይነዝረኛል። ነርሷ ባለቤቴ «ክርንህን አጥፈህ ረጅም ሰዓት ስለምታወራ ነርቩ ተጭኖ ነው» አለችኝ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ተራ ምክንያት አይዋጥልኝም፤ ስትሮክ ነው ብዬ ደምድሜያለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ካለው አፓርታማችን ሶፋ ላይ ሆኜ፣ እንደ ልማዴ የቤተ ክርስቲያናችን የስልክ ጸሎት ላይ ገባሁ። ሁላችንም ድምፃችን እንዳይሰማ ሚዩት አድርገን፣ ስልኩን ጆሯችን ላይ ለጥፈን እንሰማለን። ጸሎቱ ረዘም፣ ደግሞም ረዘም አለ። በመሃል መሪያችን ጋሽ ተሾመ ድንገት ጸሎቱን አቋረጡ።

«እዚህ መስመር ላይ የቀኝ እጁን ጣቶች የሚነዝረው አንድ ሰው አለ። ጌታ እየነካው ነው። ድምፁን ያሰማን» አሉ።

ላብ በላብ ሆንኩ። ከፕሌኖ እስከ ፎርት ወርዝ ያለ ሀበሻ እየሰማኝ እንዴት ብዬ ልናገር? ባለቤቴ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች።

«ወንድሜ፣ አትፈር» አሉ ጋሽ ተሾመ።

ሶ፣ እንደ ምንም ሚዩቱን አነሳሁና «አሜን፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

ለካ ብቻዬን አልነበርኩም። መስመሩ ላይ ያለው ሰው በሙሉ እኩል «አሜን፣ እኔ ነኝ» ብሎ ኖሯል። እትዬ አልማዝማ ጭራሽ እያለቀሱ ነው።

ጋሽ ተሾመ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሁላችንም ስልኩን ወደ ግራ እጃችን እናዙርና ጸሎታችንን እንቀጥል» አሉ።