እሷ ያጠበቀችው ክዳን

ቁልፍ ሠሪው ሲጠሩት ሄዶ ሳይከፍት የተመለሰበት በር አልነበረም። ቁልፍ የጠፋበት፣ ልጁ ከውስጥ የቆለፈበት፣ ከሚስቱ ተጣልቶ ደጅ የቀረ ሁሉ ወደ እሱ ይሮጣል፤ እሱም ጆሮውን ወደ ቀዳዳው አስጠግቶ በቀጭን ሽቦ ነካ ነካ ሲያደርገው በሩ እሺ ይላል። በገዛ ቤቱ ግን፣ ከወጥ ቤቱ ማጠቢያ ሥር፣ ሊነካው ያልደፈረው አንድ ክዳን ነበር።

ክዳኑ የውኃ ማጣሪያው ነው። ሚስቱ በሕይወት ሳለች በሳሎኑ መስኮት አጠገብ፣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ዓሣ ታረባ ነበር። የቧንቧው ውኃ ኖራ የበዛበት በመሆኑ ለዓሦቿ አልስማማ ቢላት፣ በስስ ሽፋን አሳልፎ የሚያጠራ መሣሪያ አስገጠመች። ውኃው ሽፋኑ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ደለሉንና ክሎሪኑን የሚያስቀሩ ሁለት ማጣሪያዎች አሉ፤ እነሱን በየጊዜው የምትለውጠው እሷ ነበረች። የእሱ ድርሻ ባልዲ ማቀበል ነው። ክዳኑን ስትገጥም ጥርሷን ነክሳ ታጠብቀዋለች።

«ኧረ በቃ! ባንክ ነው እንዴ የምትቆልፊው?» ይላታል።

«አንተ የቆለፍከውን ማንም ይከፍተዋል። እኔ የቆለፍኩትን እስቲ ሞክረው!»

ከሞተች ወዲህ ያ ክዳን አልተከፈተም። የተጣራውን ውኃ ይቀዳል፤ ለዓሣ የሚያስፈልገውን የማዕድን ዱቄት እሷ ታደርግ በነበረው ልክ በጥብጦ ይጨምራል፤ ማጣሪያዎቹን መለወጥ ግን አልሆነለትም። ልብሷን ዘመድ ተከፋፍሎታል፤ የአልጋው አንሶላ ታጥቦ ተለውጧል። የእሷ እጅ እንደ ተወው የቀረው ይህ ክዳን ብቻ መሰለው።

ከማጣሪያው የሚወርደው ውኃ እየቀጠነ መጣ። በውኃው ውስጥ የቀረውን ኖራ በሚያሳየው መለኪያ ላይ ያለው ቁጥርም ከፍ እያለ ሄደ። ከዓሦቹ ሁሉ የቆየችው፣ ሚስቱ እንደ ልጅ ታቆላምጣት የነበረችው ጠፍጣፋ ቀይ ዓሣ በገንዳው ውስጥ ካለው እንጨት ጀርባ ተወሽቃ መብላት ተወች።

እሑድ እሑድ የምትጠይቀው የሚስቱ ታናሽ እህት ይህንን አየች።

«ጋሼ፣ ይቺ ምነው ጀርባዋን ሰጠችኝ? አኮረፈች እንዴ?»

«ናፍቆት ነው» አላት። «እኔንም እንዲሁ አድርጎኛል።»

እህትየዋ ወደ ወጥ ቤት ገብታ ከማጠቢያው ሥር አጎነበሰች። የማጣሪያው መያዣ ብርጭቆ መሰል ነውና በውስጡ ያለው ሁሉ ይታያል።

«የምን ናፍቆት! ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጭቃ ነው! እስካሁን ለምን አልለወጡትም?»

ቁልፍ ሠሪው መሬት መሬት እያየ ምክንያቱን ነገራት። እሷም በለሰለሰ ድምፅ፣ «እህቴ ዓሣዋን እንዲህ አድርገው ብታገኝዎት ምን ትልዎት ነበር?» አለችው።

«ምን ትለኛለች፣ በመፍቻው ነበር የምትለኝ።»

«እንግዲያው መፍቻውን ያምጡት።»

የውኃውን መስመር ዘግቶ ተንበረከከ። ክዳኑ አልነቃነቅ አለ፤ እሱም በልቡ እንዳይከፈት ተመኘ። እንደ ገና ሲገፋው ሲጥ ብሎ ዞረ። እጁን ከላዩ ሳያነሣ ቆየ፤ እህትየዋም አላጣደፈችውም።

ሁለቱን ማጣሪያዎች ለወጠ፤ ክሎሪን የጎዳውን ስስ ሽፋንም ቀየረ። አዲሱ ሽፋን መጀመሪያ ያወረደውን ውኃ ደፋው። ክዳኑን በራሱ ጉልበት ገጠመና ቁጥሩ ሲወርድ በመለኪያው አየ። ድንገተኛ ለውጥ ዓሣ ይጎዳልና የገንዳውን ውኃ በአንዴ ሳይሆን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያለ ተካው።

በተከታዩ እሑድ ቀይዋ ዓሣ ከእንጨቱ ጀርባ ወጣች። የበተነላትን ምግብ ለቀመች።

«በላች! ጋሼ፣ በላችልን!» አለች እህትየዋ።

ዓሣዋ ግን ከበላች በኋላ ወደ እንጨቱ ጀርባ አልተመለሰችም። ወደ መስታወቱ ተጠግታ፣ ክንፏን ቀስ እያወዛወዘች፣ ከእሱ ትከሻ ባሻገር ሚስቱ ምግብ ይዛ ትመጣበት ወደ ነበረው በር መመልከት ጀመረች። ቁልፍ ሠሪውም ዞር ብሎ ወደምታየው አየ።