እንደ ድስት የፈገፈግኩት ማኒፎልድ

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ማለትም "ልጅ ነበርኩ" ብዬ የማመልጥበት ዕድሜ አልነበረም።

ቀራንዮ፣ ከወላጆቼ ጋር በምኖርበት ግቢ፣ በሩ አጠገብ ባለችው ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። ስፌቱን ማንም አላስተማረኝም፤ አሮጌ ቀሚስ እየፈታሁ፣ መልሼ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። ጣጣዬም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ፈትቼ የገጠምኩትን ነገር ሁሉ ያወቅሁት ይመስለኛል።

አባቴ አንድ መኪና ነበራቸው። ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ትንሽ፣ ሲገዟት ቀለሟ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ የሚያከራክረን መኪና። ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ የሚኒባስ ደረጃ መውጣት ስለማይችሉ፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን በእሷ የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ። ሌላ ቀን ከግቢ አይወጡም። መኪናዋ ከሄደች እሁዳቸውም አብራ ትሄዳለች።

ችግሩ ከሰፈራችን ወደ አስፋልቱ የሚያወጣው ዳገት ነው። መኪናዋ ሁለት ሰው ይዛ ትወጣው ነበር። ሦስተኛ ሰው ሲገባ ታስባለች። አራተኛ ሲገባ መሃል ላይ ቆማ እስክንወርድላት ትጠብቃለች። እኛም ለምደነው፣ ዳገቱ ሥር ስንደርስ ማንም ሳይነግረን በሩን ከፍተን እንዘላለን፤ አባቴ ብቻ ከፊት እንደተቀመጡ ይወጣሉ።

አስኮ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜን ይሄ ነገር አሳፈረው። አንድ እሁድ መጥቶ፣ "አባዬ፣ ገዢ አግኝቻለሁ። መሃል መንገድ ላይ ጉድ ሳትሠራን ትሸጥ" አላቸው።

አባቴ ብዙ አሰቡና ፈረዱ። "የዛሬ ሳምንት አምስታችንንም ይዛ፣ ማንም ሳይወርድ ዳገቱን ከወጣች ትቀመጣለች። ካልወጣች ሰውዬው ይውሰዳት።"

አምስታችን ማለት አባቴ፣ እናቴ፣ ወንድሜ፣ የወንድሜ ሚስትና እኔ ነን። የሰው ሚስት ክብደት ማንሳት ነውር ነው፤ እኔ ግን ያን ሳምንት በልቤ ደጋግሜ አንስቼዋለሁ። የራሴን አንድም ቀን አላነሳሁም።

ሰኞ ዕለት መፍትሔውን ስልኬ ላይ አገኘሁት። አንድ ፂማም ሰውዬ በማላውቀው ቋንቋ እያወራ የመኪና ማኒፎልድ ይሞርዳል። ማኒፎልድ ማለት ቤንዚኑና አየሩ ተቀላቅለው ወደ ሞተሩ የሚገቡበት ባለ አራት ጣት ቧንቧ ነው። ቀዳዳዎቹ ሲሰፉ ሞተሩ እንደ ልቡ ይተነፍሳል። ታዲያ ይሄ ብብቱ የጠበበ ሸሚዝ ማስፋት አይደል? አልኩና ተነሳሁ።

ማክሰኞ ኮፈኑን ከፍቼ ማኒፎልዱን ፈታሁ። ዳዶዎቹ እንዳይጠፉብኝ በክር ሰክቼ ከመቀሶቼ ጎን ሰቀልኳቸው። መጋጠሚያው ላይ እንዳያፈስ የሚገባውን ስስ ጋስኬት ቀዳዳው ላይ ዘርግቼ፣ ጨርቅ ላይ እንደማደርገው በሳሙና ቁራጭ ዙሪያውን አሰመርኩ። ከጎረቤታችን አናጺ ድሪል ተዋስኩና እስከ መስመሩ ድረስ አሰፋሁ። እስከዚህ ደህና ነበርኩ። ያበላሸኝ የእናቴ ልጅ መሆኔ ነው።

እናቴ በዕቃ አጠባ ቀልድ አታውቅም። እኛ ቤት ድስት ታጠበ የሚባለው ፊትሽን ሲያሳይሽ ነው፤ ካላሳየሽ ተመልሶ ወደ ሳፋው ነው። የማኒፎልዱ ውስጥ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ሸካራ ነው። ዓይኔ አልቻለም። በብርጭቆ ወረቀት ጀመርኩ፣ በድስት ሽቦ ቀጠልኩ፣ ጣቴ የማይደርስበትን እንጨት ላይ በጠቀለልኩት ጨርቅ በአመድ ፈገፈግኩ።

"ይበቃታል" አሉ አባቴ ከወንበራቸው ሆነው።

"ትንሽ ነው የቀራት፣ አባዬ።"

"የሠሯት ሰዎች ብርጭቆ ወረቀት አጥተው ነው እንዲህ የተዉት?"

"ሰንፈው ነው!" አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ አልኩ።

አርብ እናቴ ማኒፎልዱን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። ስለ መኪና ተናግራ የማታውቅ ሴት፣ "እሰይ! ይኸው፣ ስትፈልጊ ትችያለሽ!" ብላ ለጎረቤት ልታሳይ ይዛው ወጣች። ሦስት ሴቶች ፊታቸውን አይተውበት ተመለሰ።

ቅዳሜ ገጠምኩት። መኪናዋ እያሳለችም ቢሆን ተነሳች። ሳሉን ለብርዱ ሰጠሁት። ግቢ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ነድቼ "በረረች!" ብዬ አወጅኩ። ግቢያችን ስድስት እርምጃ ነው።

እሁድ አምስታችንም ነጭ ለብሰን ገባን። ዳገቱ ሥር እናቴ በልማድ እጇን ወደ በሩ ላከች።

"እማዬ፣ ዛሬ ማንም አይወርድም!"

ነዳጅ ሰጠኋት። ተንዘፈዘፈች፣ ሁለቴ ሳለች፣ ቀጥ አለች። ድሮ እኮ መሃሉ ድረስ ትሄድልን ነበር። አሁን የቆምነው የመጀመሪያው የመብራት ምሰሶ ጋ ነው።

"ኢንጂነሯ" አለ ወንድሜ ከኋላ፣ "ከሰፋላት ወዲህ ነው እንዲህ የምትተነፍሰው?"

"ዝም በል፣ እየሞቀች ነው።"

እንደገና አስነሳኋትና ወደ ኋላ ተንሸራተትን። ከኋላችን የቆመ ሚኒባስ ረዳት አንገቱን አውጥቶ፣ "እህት፣ ፌርማታው ከላይ ነው! እዚህ ማውረድ ክልክል ነው!" ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። የወንድሜ ሚስት እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንቀጠቀጥ ነበር። እኔ መሪውን ብቻ አያለሁ።

አባቴ አልሳቁም። በሩን ከፈቱ፣ የታመመውን እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው አወጡና፣ "አልወጣችም" አሉኝ። ቁጣ እንኳ የለበትም። ያን ቀን ቅዳሴውን ከግቢያችን በር ላይ ተቀምጠው በድምፅ ማጉያ ሰሙ።

ከሰዓት በኋላ የሰፈራችን ሽማግሌ መካኒክ መጡ። ማኒፎልዱን ፈትተው ጣታቸውን ከተቱና ሳቃቸው መጣ።

"ይሄን ድስት ማን አጠበው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

"ልጄ፣ ሸካራው እኮ ሥራ አለው። ቤንዚኑ እሱ ላይ እየተጋጨ ይበተናል፣ ከአየሩ ጋር ይዋሃዳል። አንቺ መስታወት ስታደርጊው ግድግዳውን ይዞ እንደ ውሃ ይፈሳል። አነቅሻት እንጂ ጉልበትስ ነበራት።"

ሸካራ ብርጭቆ ወረቀት ይዘው የሁለት ቀን ልፋቴን በሩብ ሰዓት አጠፉት።

"ማስፋቱስ፣ ጋሼ?" አልኩ፣ ምስጋና ፍለጋ።

"ማስፋቱ ደህና ነው።"

ይቺን ቃል እስከ ዛሬ እንደ ዲፕሎማ ይዣታለሁ።

ሰኞ ጠዋት አባቴን፣ እናቴንና መካኒኩን ይዤ ሞከርኳት። አራት ሰው ጭና፣ ማንም ሳይወርድ፣ ዳገቱን ወጣች።

"አባዬ፣ ወጣች እኮ!" ብዬ ጮህኩ።

"ወጣች" አሉ። "ግን ዛሬ ሰኞ ነው። ቃል የሰጠሁት ለእሁድ ነው።"

ለመንኳቸው፤ እናቴም ለመነቻቸው። ማክሰኞ ገዢው መጥቶ ወሰዳት። በአንድ ጊዜ ነው የተነሳችለት።

በሚቀጥለው እሁድ ማለዳ ወንድሜ ከአስኮ የኮንትራት ታክሲ ይዞ መጣ። አባቴ ሳይቸገሩ እንዲገቡ ወንበሯ ዝቅ ያለች መኪና መርጦ ነው። ደግፎ ከፊት አስገባቸው፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ አጠገባቸው ቆመ፣ መልሶ ቤት አደረሳቸውና ምሳውን በልቶ ሄደ። የሚቀጥለውም እሁድ መጣ። እስካሁንም ይመጣል።